ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦን ነው
(በጀውሃ ከተማ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በይፋት ቆላ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ማቀዝቀዣና ቬንቲሌተር የብዙ ቤቶች መገልገያ ሆነዋል። ከዚህም ጋር «ቤቴ ብሬከር ስላለው ኮረንቲ አይገድለኝም» የሚል እምነት በየቦታው ይሰማል። ይህ እምነት ስሕተት ነው፤ አደገኛም ነው። ምክንያቱን ለማየት ነገሩን በሦስት ጥያቄዎች እንክፈለው፦ ሽቦውን የሚጠብቀው ምንድን ነው? ሰውንስ? ዕቃውንስ?

በመጀመሪያ ሽቦውን እንመልከት። ፊውዝም ሆነ ብሬከር የተሠራው ሽቦ ከአቅሙ በላይ ኮረንቲ ተሸክሞ እንዳይግልና ቤት እንዳያቃጥል ነው። ፊውዝ ቀልጦ ይበጠሳል፤ ብሬከር ግን ራሱን ያጠፋል፤ ብልሽቱ ከታረመ በኋላም ተመልሶ ይበራል። በውስጡ ሁለት ክፍሎች አሉ። አንደኛው ሲሞቅ የሚታጠፍ ጥንድ ብረት ሲሆን፣ ጭነት ሲበዛ ቀስ ብሎ ይቆርጣል። ሁለተኛው የሽቦ ጥቅል ነው፤ ሽቦዎች ተነካክተው ኮረንቲው በድንገት ሲያሻቅብ እንደ ማግኔት ስቦ በቅጽበት ይቆርጣል።

3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ በግድግዳ ላይ በቱቦ ሲዘረጋ፣ የአካባቢው ሙቀት 30 ዲግሪ ከሆነ 24 አምፔር ያህል ይችላል። በጀውሃ ፀሐይ ግን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው አየር 50 ዲግሪ ቢደርስ፣ የዚያው ሽቦ አቅም ወደ 17 አምፔር ይወርዳል። ስለዚህ ለደጋ ቤት የሚስማማው ባለ 20 አምፔር ብሬከር እዚህ ሽቦው እየጋለ ዝም ሊል ይችላል። ለምጣድ ብቻውን የተዘረጋ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይበጃል። ብሬከር ደጋግሞ ሲጠፋ ከፍ ባለ ብሬከር መተካት፣ ፊውዝ ሲበጠስም በወፍራም ሽቦ ማሰር ዘበኛን ከበር እንደ ማንሣት ነው።

ወደ ሰው ስንመጣ ስሌቱ ይለወጣል። በሰው አካል ከ10 ሚሊ አምፔር በላይ ሲያልፍ ጡንቻ ይኮማተርና የያዙትን መልቀቅ ሊያቅት ይችላል። ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነው ከቆየ የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ላብ ያረጠበው ቆዳ ደግሞ ለኮረንቲ መንገድ ያቀልለታል። 16 አምፔር 16,000 ሚሊ አምፔር ነውና ሰውን የሚገድለው መጠን ለብሬከሩ ከምንም አይቆጠርም።

«የመሬት ሽቦ አለን» የሚል ይኖር ይሆናል። መልካም ነው። ነገር ግን የቆላው አፈር በበጋ ይደርቃል፤ የደረቀ አፈርም ኮረንቲን በሚገባ አያስተላልፍም። የቤቱ የመሬት ሽቦ በተቀበረ ዘንግ ላይ ብቻ ቢመካና የዘንጉ ተቃውሞ 200 ኦም ቢሆን፣ ሽቦ ተልጦ የምጣዱን ብረት ሲነካ ወደ መሬት የሚፈሰው 1.1 አምፔር ብቻ ነው። ብሬከሩ ዝም ይላል፤ ብረቱም ኮረንቲ እንደ ያዘ እንጀራ የምትጋግረውን እናት ይጠብቃል።

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው በሙያው አር.ሲ.ዲ. የሚባለው መቁረጫ ነው። ይህ መሣሪያ በአንዱ ሽቦ የገባውን ኮረንቲ በሌላው ከተመለሰው ጋር ያነጻጽራል። ያልተመለሰ ካለ፣ በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው አካል በኩል፣ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ከ0.3 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ይቆርጣል። ከላይ ያየነው 1.1 አምፔር የዚህ መጠን 36 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ አር.ሲ.ዲ. ከመሬት ሽቦ ጋር ሲሆን ሰው ሳይነካ አስቀድሞ ይቆርጣል፤ የመሬት ሽቦ ከሌለ ግን የሚቆርጠው ሰው ከነካ በኋላ ነው። ሁለቱን ሽቦዎች በሁለት እጁ የያዘን ሰው ላያድን ይችላል፤ ተራው አር.ሲ.ዲ. የጭነት መብዛትንም ስለማይቆርጥ ብሬከርን አይተካም። «ቴስት» የሚለውን ቁልፍ በየጊዜው ተጭኖ መሞከር ያስፈልጋል።

ዕቃን የሚያጠፋው ብዙውን ጊዜ የቮልቴጅ መዋዠቅ ነው። ቮልቴጁ ሲያንስ የማቀዝቀዣው ሞተር መነሣት አቅቶት ይግላል። የመመለሻው ሽቦ፣ ማለትም ኒውትራሉ፣ በመስመር ላይ ቢበጠስ ደግሞ 220 ቮልት የሚገባው ቤት ወደ 380 የሚጠጋ ሊደርሰው ይችላል። የቮልቴጅ መጠበቂያ ከወሰን ያለፈውን ይቆርጣል፤ ኃይል ሲመለስም የማቀዝቀዣው ግፊት እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ያዘገያል።

የሕንፃዎችን የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚመለከት የአገራችን ኮድ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል። ኮዱ ሰው የሚያድነው ግን ወጥ ቤት ድረስ ሲገባ ነው። ለማቀዝቀዣው መጠበቂያ ገዝቶ ለምጣዱ አር.ሲ.ዲ. ያላስገባ አባወራ ዕቃውን ከቤተሰቡ አስቀድሟል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ በቅድሚያ አር.ሲ.ዲ. ይገዛ፤ በሙያተኛም ይገጠም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጊዜው ዛሬ ነው።