እንዶዱም ተፈትኗል

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ሳይንስ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ ባህል መድኃኒት ነው» ሲባል በየቡናው ሰምተናል። እኛ ግን ከእንዶድ እንጀምር፤ እናቶቻችን ነጠላ ካነጡበት እንዶድ።

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በወንዙ ውስጥ አዩ። የቢልሃርዚያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው እንዲህ ባሉ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ታዲያ «እንዶድ ገደላቸው» ብለው አላወጁም። በሕይወት ያሉትን ወስደው የእንዶድ አረፋ ተጨመረባቸው፤ ሞቱ። ከዚያ በቤተ ሙከራ ምን ያህሉ እንደሚገድል፣ ሌላ ምን እንደሚጎዳ ተመረመረ። ዓሣንም ይገድላል፤ ይህም አልተደበቀም። የውጭ ተቋማት ምርመራ ይጨመር እያሉ ለዓመታት አጓተቱት (እዚህ ላይ እኛም ቅር ይለናል)። ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ነገሩ የተጀመረው ከልብስ አጣቢ ሴቶች እጅ ነው።

አሁን በየሰፈራችን የሚዞረውን ጠርሙስ እንይ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ካንሰር፣ መካንነት፣ ሁሉም በአንድ ማንኪያ ይድናል ይባላል። ውስጡ ምን እንዳለ ሲጠየቅ ምስጢር ነው። ስንት ሰው ወስዶት ስንቱ እንዳልዳነ የመዘገበ የለም፤ ዳንኩ ያለችውን ብቻ እየጠሩ ያስመሰክራሉ። ያልዳነችው ደግሞ «በደንብ አልወሰደችውም»፣ «ተጠራጥራ ነው» ትባላለች። ልብ በሉ፤ በዚህ አነጋገር ጠርሙሱ መቼም ቢሆን አይሳሳትም። እንዶድ ግን ቀንድ አውጣዎቹ ባይሞቱ ኖሮ ያኔውኑ ወድቆ ይቀር ነበር።

የምንጠራጠረው ሥር ወይም ቅጠል ስለሆነ አይደለም። በነጭ ብልቃጥ ታሽጎ፣ ላዩ ላይ የሐኪም ፎቶ ተለጥፎበት ቢመጣም ጥያቄያችን ያው ነው፦ በማን ላይ ተሞከረ? ማን ደግሞ አረጋገጠው? ካልሠራ በምን እናውቃለን?

ገንዘቡስ ይቅር። የሚያስፈራን ጠርሙሱን አምኖ የታዘዘውን ማቆም ነው። ሰውነቷ ኢንሱሊን የማያመርት ሴት መርፌዋን ብታቆም በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሷን ልትስት፣ ልትሞትም ትችላለች። የደም ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለማያም፣ ክኒኑን ያቆመች ሴት የዳነች ይመስላታል።

ስለዚህ ጠርሙሱን የገዛችሁ እኅቶች ሳታፍሩ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱና አሳዩ። ሐኪም ሳታማክሩ የታዘዘላችሁን አታቁሙ። ብቻዋን መሄድ የከበዳት ካለች ለኮሚቴው ትንገር፤ አንዳችን አብረናት እንሄዳለን።