ከዊንዘር እስከ ዮርክ፦ የዘፈን ቡድናችን ጉዞና የጉዞው ሒሳብ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ዓመት ጉባኤ ላይ ከእናቶቻችን አንዷ ተነስተው አንድ ጥያቄ አቅርበው ነበር። «ይህ ማኅበር የተቋቋመው የቤት ኪራይ ያቃታትን እህት ለማበደር፣ ሐዘን የደረሰባትን ለማጽናናት፣ ወረቀት የሌላትን ጠበቃ ዘንድ ለማድረስ ነው። ሽርሽርና ዘፈን ከየት መጣ?» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ጉዞው የጸደቀውም በአራት ድምፅ ብልጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሒሳብ ክፍሉና የዘፈን ቡድኑ በአንድነት የምናቀርበው ቃል ከሁሉም በላይ ለተቃወሙት አባሎቻችን የሚገባ መልስ ነው።

ጉባኤው ያኔ ሦስት ግዴታ ጥሎብናል። አንደኛ፣ የቁጠባና ብድሩ ሣጥን እንዳይነካ። ሁለተኛ፣ ከደጋፊዎቻችን ከሚመጣው ገንዘብ አንድ ፓውንድ እንኳ ለጉዞው እንዳይወጣ። ሦስተኛ፣ ስንመለስ ሙሉ ሒሳቡ ከነደረሰኙ በጉባኤው ፊት እንዲቀርብ። ሦስቱንም ፈጽመናል። ሒሳቡን ከመዘርዘራችን በፊት ግን የት እንደሄድንና ምን እንዳየን እንንገራችሁ፤ ምን እንደተገዛበት ያልታወቀ ገንዘብ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርምና።

የተጓዝነው 26 ነን። አሥራ ስምንቱ ዘፋኞች፣ አራቱ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ የሚጫወቱ፣ አራቱ ደግሞ ምግቡን፣ ልብሱንና ገንዘቡን የያዙ ናቸው። ከመካከላችን ዘጠኙ አረጋውያንን እየተንከባከብን የምንኖር ነን። ሌሎቻችን ሆቴልና ቢሮ እናጸዳለን፣ ወጥ ቤት እንሠራለን፣ ሁለታችን ነርሶች ነን። ብዙዎቻችን ለንደን ከገባን አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖናል። ኑሯችን ግን ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነው። የቱሪስቱን አልጋ በየቀኑ እያነጠፍን ቱሪስቱ ሊያይ የመጣውን አገር ሳናይ የኖርን ነን።

ጉዞው የተደረገው በነሐሴ መጨረሻ፣ እንግሊዞች ሰኞን በሚያርፉበት የዕረፍት ሰሞን ነው። አርብ ማለዳ አውቶቡሳችን ተነስቶ መጀመሪያ የደረስነው ዊንዘር ነው። የዊንዘር ግንብ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ የነገሥታት መኖሪያ ሆኖ የቆየ ነው። በግቢው ውስጥ ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ተቀብረዋል። ሌሎች ጎብኚዎች ወደ እርሳቸው መቃብር ሲሄዱ እኛ የፈለግነው አንድ የናስ ሰሌዳ ነበር፤ የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስን።

ታሪኩን የማታውቁ ልጆቻችን እንድትሰሙት በአጭሩ እንናገር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ። ልጃቸው ዓለማየሁ ያኔ ሰባት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሕፃን ነበር። ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋር ወደ ባሕር ሲወሰድ እቴጌይቱ በመንገድ ላይ አረፉ። ልጁ ብቻውን እንግሊዝ ገባ፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ፤ በራግቢ ትምህርት ቤት፣ በኋላም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ውስጥ ታሞ ሞተና በዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ከኢትዮጵያ በኩል ሲጠየቅ ቆይቷል። ቤተ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2023 የሰጠው መልስ የሌሎችን ሟቾች ዕረፍት ሳይነኩ አጽሙን ማውጣት አይቻልም የሚል ነው። በዚያው ዓመት ከፀጉሩ የተቆረጠ ጥቂት ዘለላ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተመልሷል።

ሰሌዳው ላይ ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደ፣ እንግዳን ስለመቀበል የሚናገር ቃል ተጽፏል። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያስቸግራቸው እናቶች ነበሩና ቃሉን በሹክሹክታ ተረጎምንላቸው። እዚያ ዘፈን አልተፈቀደም፤ እኛም አልጠየቅንም። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ጥቂት ቆመን ወጣን።

ማታውን ባዝ ገባን። ባዝ ሮማውያን ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በፍልውሃ ላይ የሠሩት ከተማ ነው። ውሃው ዛሬም በቀን 1,170,000 ሊትር ያህል ይፈልቃል፤ ሙቀቱም 46 ዲግሪ ነው። እናቶቻችን እንፋሎቱን ሲያዩ «ይህማ የእኛው ፍልውሃ ነው» ብለው ሊነክሩ እጃቸውን ሰብስበው ነበር፤ አስጎብኚዋ የጥንቱ ገንዳ ውሃ እንደማይነካ ስትነግራቸው በጣም ቅር አላቸው።

ባዝን የመረጥነው ግን ለፍልውሃው ብቻ አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1936 እስከ 1940 እ.ኤ.አ.፣ በስደት የኖሩት በዚያች ከተማ፣ ፌርፊልድ በሚባለው ቤት ነው። አስቀድመን ጽፈን ፈቃድ ጠይቀን ገባን። ቤቱ ደህና ቤት ነው እንጂ ቤተ መንግሥት አይደለም። በዚያ ቤት የነበረው ችግር እኛም የምናውቀው ዓይነት ነበር፤ ብርድና የገንዘብ እጥረት። ለሒሳብ ሠራተኛ ከሁሉ የሚገርመው አንዱ ታሪክ ይህ ነው፤ አንድ የእንግሊዝ የቴሌግራፍ ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት ሊከፍለው የሚገባ ዕዳ ነበረበት። ንጉሠ ነገሥቱ ለንደን ላይ ከሰሱና መጀመሪያ ተፈረደላቸው። ይግባኙ ሳያልቅ ግን ብሪታንያ የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ገዥ አድርጋ ስለተቀበለች ገንዘቡን ተነጠቁ። ወረቀት የሌለው ሰው የራሱንም ገንዘብ ማስከፈል እንደማይችል ከእኛ አባላት የማያውቅ የለም፤ በንጉሥም ላይ እንደደረሰ ግን ብዙዎቻችን የሰማነው ያን ቀን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1958 ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን አረጋውያን እንዲገለገሉበት ለከተማዋ ሰጡት። አረጋውያንን የምንንከባከብ ዘጠኛችን ይህን ስንሰማ ተያየን። የሁለቱ ነርሶቻችን ልብ ደግሞ የሄደው ወደ ልዕልት ፀሐይ ነው። ልዕልቲቱ በዚያ የስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራለች። በ1942 እ.ኤ.አ. በወጣትነቷ ስታርፍ፣ በስሟ አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራው ሆስፒታል ገንዘብ ካሰባሰቡት መካከል እንግሊዛዊቷ የሴቶች መብት ታጋይ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ዋነኛዋ ነበረች። ሲልቪያ ለኢትዮጵያ ጋዜጣ ያሳተመች፣ በኋላም አዲስ አበባ መጥታ የኖረች፣ በ1960 እ.ኤ.አ. ስታርፍም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረች ሴት ናት። ሴቶች መዋጮ አሰባስበው ሆስፒታል ማቆም እንደሚችሉ ሌላ ምስክር አያስፈልገንም።

ቅዳሜ ማታ ባዝ ላይ የመጀመሪያውን ዝግጅት አቀረብን። ባለ 96 ሰው ታዳሚ፣ አብዛኛው እንግሊዛዊ ነበር። ወቅቱ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ስለነበረ በአበባየሆሽ ጀምረን፣ የሠርግ ዘፈን፣ የጉራጌ፣ የኦሮሞና የትግርኛ ጭፈራ አከታተልን። እስክስታ ላይ አንዲት ሽማግሌ ወይዘሮ ምርኩዛቸውን ጥለው ተነሱ። ማሲንቆ የምትጫወተው እህታችን ሁለት ጊዜ እንድትደግም ተጠየቀች። ማሲንቆ የወንድ ነው እየተባለች ያደገች ልጅ ናት፤ የተማረችውም እዚሁ ለንደን ነው።

እሑድ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሊድስ ሄድን። እዚያ የመጡት 131 ሰዎች በአብዛኛው የእኛው አገር ሰዎች ናቸው። ዓለማየሁ የሞተበት ከተማ በመሆኑ፣ ከዘፈኖቻችን መካከል ለእርሱ አንድ እሹሩሩ እንዲሆንለት አስበን ነበር። መብራቱ ቀነሰ፤ ክራር ብቻ ተመታ፤ አሥራ ስምንታችንም ልጅ እንደምናባብል አድርገን ዘፈንነው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዘፋኞቻችን አንዷ ግን መጨረስ አልቻለችም።

ቀጥሎ ያለውን የምንናገረው ፈቃዷን ጠይቀን ነው፤ ስሟን አንጠራም። ይህች እህት ልጇን አያቱ ዘንድ ትታ ስትወጣ ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ አሁን አሥራ ሦስት ሆኖታል። ስድስት ዓመት አብራን ስትዘፍን፣ ቡና ስታፈላ፣ እቁብ ስትጥል ልጅ እንዳላት አናውቅም ነበር። ልጇን ለማስመጣት የሚያስፈልጉትን ሰነዶች ማስተርጎሚያ አጥታ ሁለት ዓመት በመሳቢያ ቆልፋባቸዋለች። ለምን አልጠየቅሽንም ስንላት «ስንቱ ልጅ ጥሎ መጥቷል፤ በምን አፌ» አለች። በሳምንቱ ከብድሩ ሣጥን 300 ፓውንድ ተበደረች፤ ሰነዶቹ ተተረጎሙ፤ ማመልከቻውም በጠበቃ እጅ ነው። መልሱ ገና አልመጣም። የብድር መጠየቂያ ቅጽ አለን፤ ቅጹን ለመሙላት ግን መጀመሪያ መናገር ይጠይቃል። ዘፈን ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይኸው ነው።

ከዝግጅቱ በኋላ የሊድስ እህቶች ቡና አፍልተው ስለ ቁጠባና ብድራችን አሠራር ጠየቁን። መዝገቡን እንዴት እንደምንይዝ፣ ሁለት ፈራሚ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ዋስ እንዴት እንደሚጠራ እስከ እኩለ ሌሊት አስረዳን። ዛሬ እነርሱም አሥራ አንድ ሆነው ጀምረዋል።

ሰኞ ዮርክን ጎብኝተን ተመለስን። የዮርክ ታላቁ ካቴድራል የምሥራቅ መስኮት ከ1405 እስከ 1408 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተሠራ ባለ ቀለም መስታወት ነው፤ ስፋቱም የቴኒስ ሜዳ ያህላል። ከደጁ የቆመው ሐውልት ደግሞ የንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ነው፤ በሮማውያን ዘመን፣ በ306 እ.ኤ.አ.፣ የነገሠው በዚያች ከተማ ነበርና። በመስቀል በዓል ደመራ የምንለኩሰው የእናቱን የንግሥት እሌኒን ሥራ እያሰብን አይደለም? ይህ ሲነገር ክርስቲያን ሙስሊም ሳንል ከሐውልቱ ሥር ፎቶ ተነሳን፤ ሹፌራችን እልልታውን ሰምቶ ሠርግ መስሎት ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ።

ወጪ፦ አውቶቡስ ከነሹፌሩ 2,900 ፓውንድ፤ የሦስት ሌሊት ማደሪያ፣ በበጋ ባዶ በሚሆን የተማሪዎች መኖሪያ፣ 2,496፤ የመግቢያ ዋጋ 1,768፤ የአዳራሽ ኪራይ 340፤ ምግብ 410፤ የክራር ጅማትና ልዩ ልዩ 126። ድምር 8,040 ፓውንድ። ምግቡ የቀነሰው እንጀራውን ከቤት ስለጫንን ነው። ጥያቄውን ያነሱት እናታችንም አብረውን ባይሄዱ ሁለት ድፎ ዳቦ ጋግረው ልከውልናል፤ እግዜር ይስጥልን።

ገቢ፦ ተጓዦቹ በነፍስ ወከፍ በሳምንት 5 ፓውንድ ለ40 ሳምንት ያዋጣነው 5,200፤ ከሁለቱ ዝግጅቶች በ8 ፓውንድ የተሸጠ 227 ትኬት 1,816፤ ከቡናና ከምግብ ሽያጭ 764። ድምር 7,780 ፓውንድ።

የጎደለው 260 ፓውንድ ነው። እሱንም 26ታችን አሥር አሥር ፓውንድ ጨምረን ዘግተናል። ሥራ የቆመባቸው አራት እህቶች መዋጮ ሲያቅታቸው ሌሎቹ ሸፍነዋል። ማን ለማን እንደከፈለ መዝገባችን አይናገርም፤ እንዲናገርም አልፈለግንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ? ደረሰኞቹ በሙሉ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ማንም አገላብጦ ማየት ይችላል።

በመጨረሻ ጉባኤው ድምፅ እንዲሰጥባቸው ሦስት ሐሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ወደፊት የሚደረግ ማንኛውም ጉዞ በእነዚያው ሦስት ግዴታዎች እንዲታሰር፣ ይህም በመተዳደሪያ ደንባችን እንዲጻፍ። ሁለተኛ፣ የሳምንቱ መዋጮ ከ40 ወደ 42 ሳምንት እንዲራዘም፤ ሁለቱ ሳምንት ብቻ የዘንድሮውን ጉድለት ልክ ይሸፍናሉ። ሦስተኛ፣ መጓዝ ለማይችሉ አባሎቻችን በየሁለት ወሩ ለንደን ውስጥ ነጻ ጉብኝት እንዲደረግ። ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድ የሚገኘው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው፤ መግቢያው አይከፈልበትም፤ የሚያስፈልገው የአውቶቡስ ዋጋ ብቻ ነው።

ድምፁ ካለፈ ቀጣዩ መንገዳችን ኤድንብራ ይሆናል። እዚያ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ከመቅደላ የመጣ ታቦት በግቢው ሲገኝ አልሸሸገም፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ መልሶታል። የወሰዱብንን ለማየት እንደሄድን ሁሉ፣ የመለሱልንንም ሄደን በዘፈን ማመስገን ይገባናል ብለን እናምናለን።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከዚያ ወደ ድምፅ አሰጣጡ እንሄዳለን።