ቆሞ መብላት ይቅር

እህቶቼ፣ ቀኑን ሙሉ እየሠራን ለምን ወፈርን ትላላችሁ። የኔን ልንገራችሁ። ጠዋት ሻይ በ3 ማንኪያ ስኳር፣ ምሳ የለም፣ ማታ 5 ሰዓት ዕቃ እያጠብኩ የተረፈውን ሩዝና ኹብዝ ቆሜ እጨርስ ነበር። ጉልበቴ ደረጃ አላስወጣ ሲለኝ ነው የነቃሁት። ምግብሽን ቀይሪ ሲሉኝ ግን ተናደድኩ፤ ከየት አምጥቼ!

አሁን ቀይ ምስር በሽንኩርትና በአንድ ማንኪያ ዘይት እሠራለሁ፣ ቆስጣ እጨምርበታለሁ፣ ለ3 ቀን ፍሪጅ አስገባዋለሁ። ምሳዬን ቁጭ ብዬ ነው የምበላው። ማታ ካልራበኝ አልነካም።

እሁድ ከጅዴይዴ ዶራ በሰርቪስ መሄድ ትቻለሁ፣ በእግሬ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ቦታ አርፍ ነበር። ሱሪዬ ላልቷል፣ ጉልበቴም ቀለል ብሎታል። እሁድ መውጣት የተከለከላችሁ፣ ልብስ ስታሰጡ በረንዳው ላይ ባላችሁበት 10 ደቂቃ እግር እያነሳችሁ ርገጡ። ማዳም ብትስቅም ትሳቅ።