አንድ ዓመትን ለትምህርት ቤት ስለ መስጠት
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ ወይም ዩኒቨርሲቲውን ጨርሶ ሥራ ከመያዙ በፊት፣ ከዕድሜው አንድ ዓመት ቈርሶ በሰው አገር ትምህርት ቤት ያለ ደመወዝ የሚረዳ ወጣት በዓለም ላይ ጥቂት አይደለም። ከእነዚህም መካከል ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ አሉ፤ በባሕር ማዶ ተወልደው ያደጉ፣ የወላጆቻቸውን አገር ለማወቅ የሚሹ የኢትዮጵያውያን ልጆችም ይገኙባቸዋል። ዛሬ የምናገረው እንዲህ ያለው ረዳት በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ፣ እንዴት ሊላመድና በእውነት ሊጠቅም እንደሚችል ነው።

ነገሩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን በዚህ ጕዳይ ውስጥ የሚያተርፈው ወይም የሚከስረው ሕፃን ነው። አንድ ዓመት ለመጣው ወጣት በትምህርትና በትምህርት መካከል ያለ ክፍት ጊዜ ነው፤ ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ ግን ያ ዓመት ሦስተኛ ክፍል ነውና፣ አንዴ ካለፈ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ በጎ ፈቃድ መልካም ቢሆንም ብቻውን አይበቃም።

ለአገራችን ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ትእዛዝ የተቋቋመው የአሜሪካ የሰላም ጓድ፣ በ1955 ዓ.ም. ትምህርት ሲከፈት ከ270 የሚበልጡ በጎ ፈቃደኞችን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። መሪያቸው ኋላ በአገራቸው ሴናተር የሆኑት ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩ ሲሆን፣ ከመምጣታቸው በፊት በዋሽንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሥልጠና ተቀብለዋል፤ የአገልግሎታቸውም ዘመን ሁለት ዓመት ነበር። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» በሚል ስም፣ ተማሪዎቹ ዲግሪ ከመቀበላቸው አስቀድሞ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ አደረገ፤ ከእነርሱም የሚበዙት መምህራን ሆነው ሠሩ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻም ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንገነዘባለን። ያን ጊዜ የመጣው እንግዳ መምህር አስቀድሞ ቋንቋና ልማድ ተምሮ፣ ሁለት ዓመት ለመቈየት ወስኖ ነበር። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ራሳቸው የሰላም ጓድ መምህራን ከአገር ይውጡ ብለው ተቃወሙ። የተቃውሞው ዋና ምክንያት የአሜሪካን መንግሥት የሚመለከት የፖለቲካ ጕዳይ ቢሆንም፣ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው የአባቶች ብሂልም ያው ስሜት አለበት። እንግዲህ ሁለት ዓመትና ሥልጠና የነበረው ይህን ካጋጠመው፣ ዛሬ ለጥቂት ወራት ወይም ለአንድ ዓመት የሚመጣው ወጣት የሚጐድለውን በምን ይሞላዋል? በትሕትናና በሥራ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ትሕትናው፣ ኮልፌ ራሷ ጥሩ ምሳሌ አላት። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወደ ኮልፌ መጥተው በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ የውትድርና ትምህርት ተቀብለዋል። ስድስት ወር ሊቈዩ ታስቦ፣ ጊዜው ሳይደርስ ወደ አገራቸው ተጠሩ። እኒህ ሰው ያን ጊዜ የታወቁ ጠበቃና የሕዝባቸው መሪ ነበሩ፤ ወደ ኮልፌ የመጡት ግን ተማሪ ሆነው ነው። እናንተም የሃያ ዓመት ወጣቶች በዚያው ሰፈር አስቀድማችሁ ተማሪ ብትሆኑ የሚቀንስባችሁ ክብር የለም።

የመጀመሪያው ትምህርት ሰዓት ነው። ርእሰ መምህሩ «ከጧቱ በሁለት ሰዓት ና» ሲሉት የእንግዳው ሰዓት ስምንትን ያሳያል። ዓመቱ በመስከረም ይጀምራል፤ ወሮቹ አሥራ ሦስት ናቸው፤ የትምህርቱም ዘመን እስከ ሰኔ ይዘልቃል። ሁለተኛው ትምህርት አጠራር ነው። ልጆቹ «ቲቸር» ብለው ቢጠሩት፣ እርሱ ደግሞ የበሩን ዘበኛ ጋሼ፣ ግቢውን የሚጠርጉትን እናት እትዬ ወይም እማማ ብሎ፣ «እርስዎ» እያለ ሊያነጋግራቸው ይገባል። ከሰላምታ በፊት ወደ ጕዳይ መግባት እንደ ድፍረት ይቈጠራል። ቡና ሲጠራም አቦሉን ቀምሶ መነሣት አይበቃም፤ ቶናውንና በረካውን ከጐረቤት ጋር የጠጣ ሰው፣ የልጆቹን ቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ ብዙ ያውቃል። ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ እስከ ቤቴል ባለው ሰፈር የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ አዛን ጐን ለጐን ይሰማሉና፣ የጾሙንና የበዓሉን ቀን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

ስለ ሥራ ምርጫው ደግሞ እንዲህ ነው። በከተማችን ሚኒባስ ታክሲ ላይ ረዳት የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መሪውን አይጨብጥም፤ ነገር ግን መድረሻውን ይጣራል፣ ተሳፋሪውን ያስገባል፣ መልሱን ይሰጣል። የትምህርት ቤት ረዳትም እንደዚሁ መሪውን ለመምህሩ ይተው። መምህሩ ነገም በዚያው ክፍል የሚቆም ነውና፣ በልጆቹ ፊት ክብሩ ቢቀንስ ጕዳቱ ረዳቱ ከሄደ በኋላ ይኖራል።

አንድ ስሌት እንመልከት። ሃምሳ ልጆች በተቀመጡበት ክፍል፣ በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ መምህሩ የእያንዳንዱን ንባብ ልስማ ቢል ለአንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ረዳቱ ግን አምስት ልጆችን ይዞ በቤተ መጻሕፍቱ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር፣ ሰው በሚያይበት ስፍራ፣ ቢቀመጥ ለእያንዳንዱ ስምንት ደቂቃ ይኖረዋል። በየቀኑ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሠራ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባሉ ሁለት ሳምንቶች ሃምሳውም ልጆች ይሰማሉ። ይህ ሥራ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ድምፁን አሰምቶ የማያውቅ ልጅ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚሰጥ ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃም የማስተማሪያው ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ያ ልጅ ያን ጊዜ ካልተገኘ ኋላ ፊዚክሱም ታሪኩም ይዘጋበታል።

ረዳቱም በበኩሉ ፊደል ይቍጠር። ቀን ከከ፣ ጠን ከተ ለመለየት ሲቸገር ልጆቹ ያርሙታል፤ ልጅ የሚያርመው አስተማሪ ሲያገኝ መሳሳትን አይፈራም። ደብተርና ገንዘብ ለአንዱ ልጅ በስውር መስጠት ግን ለቀሩት ቅሬታን፣ ለተቀበለው ልመናን ያስተምራል፤ መርዳት የሚሻ በትምህርት ቤቱ በኩል ይስጥ። የልጅን ፎቶግራፍም ያለ ወላጅ ፈቃድ ማንሣትና ለዓለም ማሳየት ተገቢ አይደለም። ድህነት የልጁ መታወቂያ አይደለምና።

እናንተ ወላጆችና መምህራን ሆይ፤ ለእናንተም ድርሻ አለ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። ለዚህ ወጣት ግን ሦስተኛውን ቀን አታዘግዩበት፤ ማረሻ የሚሆነው ብረቱ ነውና። በክብር ወንበር አስቀምጣችሁ አታኑሩት፤ ክፍሉን ጥላችሁለትም አትሂዱ። ፈረንጅ ሁሉ ዐዋቂ ነው የሚል አሳብ በልጆቻችሁ ልብ እንዳይበቅል፣ የአገራቸው መምህር ሲመራ እንግዳው ሲያግዝ ይዩ። ከባሕር ማዶ የመጣው የወገናችሁ ልጅ አማርኛው ቢሰበርበት አትሣቁበት፤ በተሰበረው ቋንቋው ሊናገር መድፈሩ ወላጆቹ ስላልረሷችሁ ነው።

በመጨረሻም መሄድ አለ። ረዳቱ የሚሄድበትን ቀን በመጣበት ሳምንት ይንገር፤ ሕፃን የሚጐዳው ባልተነገረው መለያየት ነው። የእያንዳንዱን ልጅ ንባብ በአንድ ደብተር ይመዝግብ፤ ማን የት እንደ ደረሰ፣ ማን የትኛው ፊደል እንደሚያስቸግረው ይጻፍበት። በመጨረሻዎቹ ወራትም አንድ የሰፈሩን ወጣት ወይም ከፍ ካለ ክፍል ያለ ተማሪን ከጐኑ አስቀምጦ ያለማምድ። ሰኔ ሲደርስ ደብተሩን ለመምህሩ ያስረክብ። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት እነዚያ አምስት ልጆች በዚያው ጥላ ሥር፣ ከሰፈራቸው ልጅ ጋር ተቀምጠው ካነበቡ፣ የተሰጠው ዓመት በከንቱ አልጠፋም።