ዓይንን የሚያዞሩ ሦስቱ ነርቮች



ስለ ድልድይ ወይም ስለ ኤሌክትሪክ መስመር እንድናገር ትጠብቁ ይሆናል። የመረጥሁት ግን በራስ ቅላችን ውስጥ ስለ ተዘረጋው መስመር ነው፤ ሠራተኛን ከፍታ ላይ የምናሠማራ ሰዎች ስለሆንን ነገሩ ለሐኪም ብቻ የሚተው አይደለም።

እያንዳንዱን ዓይን የሚያንቀሳቅሱት 6 ጡንቻዎች ናቸው። ከነዚህ 4ቱን፣ የላይኛውን የዓይን ቆብ ከሚያነሣው ጡንቻ ጋር፣ የሚያዘው ሦስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። ስድስተኛው ዓይንን ወደ ውጭ የሚስበውን ጡንቻ ብቻ ያዛል። አራተኛው ግን መሐንዲስን የሚያስደንቅ ነው። የሚያዘው ጡንቻ በቀጥታ አይስብም፤ ጅማቱ በዓይን ጉድጓድ ውስጥ ከላይ፣ በአፍንጫ በኩል ባለች ቀለበት ውስጥ አልፎ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ፍጹም ፑሊ ነው፤ የነርቩም የላቲን ስም የወጣው ከዚሁ ነው። ከ12ቱ ጥንድ የራስ ቅል ነርቮች ቀጭኑ ይኸው ሲሆን፣ ከአንጎል ግንድ በስተጀርባ የሚወጣውም እርሱ ብቻ ነው፤ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ ተሻግሮ ዙሪያውን ይጓዛል። እንዲህ ያለ መስመር በንድፍ ብናቀርብ ተቆጣጣሪ የሚያጸድቅልን አይመስለኝም። ራስ ሲመታም በቀላሉ ይጎዳል። የተጎዳበት ሰው ቁልቁል ሲመለከት አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ፣ አንደኛው ከሌላው በላይ ይታየዋል፤ መሰላል መውረድም ያስቸግረዋል።

ስድስተኛው ደግሞ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሲጨምር፣ ብልሽቱ ሌላ ስፍራ ሳለ፣ እርሱ ይደክማል።

የበለጠ የሚያሳስበው ሦስተኛው ነው። ብሌንን የሚያጠቡት ክሮች በነርቩ ውጫዊ ገጽ ላይ ስለሚጓዙ፣ ከውጭ ጫና ሲመጣ ቀድመው የሚነኩት እነርሱ ናቸው። በስኳር በሽታ ግን ጥቃቅን የደም ሥሮች ሲደፈኑ የሚጎዳው መሐሉ ስለሆነ ብሌኑ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ራሱን በተመታ ሰው ቅል ውስጥ ደም ሲጠራቀም አንጎሉ ተገፍቶ ነርቩን ይጫነዋል፤ ያን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ወገን ያለው ብሌን ይሰፋል፤ ብርሃን ቢበራበትም አይጠብም።

ይህ ግን የዘገየ ምልክት ነው። ወድቆ የተነሣ ሠራተኛ «ደኅና ነኝ» ብሎ ከተናገረ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ብቻውን ወደ ቤቱ መስደድ አይገባም፤ ራስ ምታት የሚብስበት፣ የሚያስመልሰው ወይም እንቅልፍ የሚጫጫነው ከሆነ ብሌኑ እስኪሰፋ ሳይጠበቅ ሐኪም ቤት ይድረስ። የወደቀበት ሰዓትና ራሱን ስቶ እንደ ነበረም በወረቀት ተጽፎ አብሮት ይሂድ።