ከጥያቄ በኋላ ያለው ዝምታ

መምህሩ «ገባችሁ?» ሲል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል፤ ማን እንደገባው ግን አልታወቀም፤ ለማሰብም ጊዜ አልተሰጠም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየችው፣ መምህራን ጠይቀው የሚታገሡት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎች መልስ ረዘመ፣ በማስረጃም ተደገፈ፤ ዝም የሚሉትም ቀነሱ።

መጠበቅ ብቻውን ባዶ ጥያቄን አያድነውም። «ውሃ ሲፈላ ምን ይሆናል?» ለሚለው የተሸመደደ ቃል ይበቃል፤ «እርጥብ ልብስ ጥላ ውስጥም ለምን ይደርቃል?» ግን ማሰብን ይጠይቃል። ክፍሉ በተማሪ ታጭቆ፣ መጽሐፉ ሳያልቅ ጊዜ ከየት ይምጣ የሚሉ መምህራን እውነት አላቸው። ሆኖም ሁሉንም ተማሪ መጠየቅ የግድ አይደለም፤ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጥሎ፣ በአንድ ዴስክ የተቀመጡት እንዲመካከሩ አድርጎ፣ ከዚያ አንዷን «እንዴት አወቅሽ?» ማለት ቢበዛ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው።