መምህር የሚሆነውን ልጅ የሚያስተምረው ማነው?

(በአንድ ቀበሌ የንባብ ቤት ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



 ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መምህር ነው። ነገር ግን መምህር እንዴት እንደሚያስተምር አይደለም የምነግራችሁ። መምህሩ ራሱ እንዴት ተምሮ መምህር እንደሚሆን፣ ለትምህርቱም የሚወጣውን ገንዘብ ማን እንደሚከፍል ነው የምንወያየው።

ከራሴ ልጀምር። በ1975 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፌ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህርነት እንድማር ተመደብሁ። አባቴ ገበሬ ነበር። ፊደል አልቆጠረም። ወሬውን ስነግረው ደስ አለው። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ይጠይቀኝ ጀመር።

«ምግብህንስ ማን ይሰጥሃል?»

«ዩኒቨርሲቲው።»

«መኝታህንስ?»

«እሱንም ዩኒቨርሲቲው።»

«የሚያስተምሩህንስ ሰዎች ማን ይከፍላቸዋል?»

«መንግሥት ነዋ፣ አባዬ!»

«መንግሥት ከየት አምጥቶ?»

መልስ አጣሁ። አባቴ ተነሣና ከግድግዳው ላይ የቆዳ ከረጢቱን አወረደ። በውስጡ የነበረውን ወረቀት አንድ በአንድ እያወጣ መደቡ ላይ ደረደረው። የግብር ደረሰኝ ነበር። የብዙ ዓመት ደረሰኝ። «እስቲ አንብብልኝ» አለኝ። ዓመቱንና የብሩን ልክ እየጠራሁ አነበብሁለት። ስጨርስ እንዲህ አለኝ፤ «በል እንግዲህ፣ የሚያስተምርህን አወቅኸው። እኔ ነኝ። እኔ ብቻም አይደለሁ፣ ጎረቤቶቼም ናቸው። ይህን እንዳትረሳ።»

ወገኖቼ፣ በዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነፃ ይባል ነበር። ተማሪው አይከፍልም ማለት ነው እንጂ ማንም አይከፍልም ማለት አልነበረም። ገበሬው ከእህሉ፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ ሠራተኛው ከደመወዙ የሚከፍለው ግብር ነው ዩኒቨርሲቲውን ያቆመው። ፊደል ያልቆጠረው አባቴ ይህን ያውቅ ነበር። ፈተና ያለፍሁት እኔ ግን አላሰብሁትም ነበር።

ድሮ እንዴት ነበር?

ጣሊያን ከአገራችን ከተባረረ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ ትልቁ ችግር የመምህር እጦት ነበር። ከተማሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በጠላት እጅ አልቀዋል። ስለዚህ መምህራን ከውጭ አገር እየተቀጠሩ ይመጡ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 በአዲስ አበባ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ማሠልጠኛ ተጀመረ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ።

ታዲያ የገበሬ ልጅ በምኑ ይማር? በሬ አሽጦ? መሬት አስይዞ? እንዲህ ቢሆን ኖሮ መምህር የሚሆነው የባለጸጋ ልጅ ብቻ ነበር። የባለጸጋ ልጅ ደግሞ ሩቅ ገጠር ሄዶ ለማስተማር እምብዛም አይመርጥም። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምግቡም፣ መኝታውም፣ ትምህርቱም በመንግሥት ወጪ ሆነ።

ይህ ሲሆን ግን ሌላ ሐሳብ መጣ። ሕዝብ ያስተማረው ሰው ለሕዝብ ምን ይመልሳል? የሚል ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወጥተው አገራቸውን እንዲያገለግሉ ተደረገ። ብዙዎቹ በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ አስተማሩ። ከከተማ ወጥቶ የማያውቅ ወጣት የገጠሩን ኑሮ ያን ጊዜ አየ። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ከእናንተ መካከል አባቱ ወይም እናቱ በዚያ ዘመቻ ፊደል የቆጠሩለት ሰው ይኖር ይሆናል።

በነዚህ ዘመናት መንግሥት ተለወጠ፤ ብዙ ነገርም ተለወጠ። በዘመቻ ከሄደውም ወዶ የሄደ አለ፤ ሳይወድ የሄደም አለ። አንድ ሐሳብ ግን አልተለወጠም። የተማረ ሰው ዕዳ አለበት የሚለው ነው። አባቶቻችን «ብድር በምድር» ይላሉ። እዚሁ ምድር ላይ ሳለን የተበደርነውን እንመልስ ማለት ነው።

የወጪ መጋራት ምንድነው?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በከፍተኛ ደረጃ የሚማር ሰው ከወጪው ድርሻውን ይክፈል የሚል ሐሳብ አመጣ። ሐሳቡ ሥራ ላይ የዋለው ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ነው። ስሙ የወጪ መጋራት ይባላል። ተማሪዎች ኮስት ሼሪንግ ይሉታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪው ሲገባ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ውል ይፈርማል። ለምግቡና ለመኝታው የወጣው ሙሉ ሒሳብ፣ ለትምህርቱ ከወጣው ደግሞ ቢያንስ ከመቶ 15 እጁ በስሙ እንዲጻፍ በደንቡ ተወሰነ። ከመቶ 15 እጅ ማለት ምን ማለት ነው? ለአንድ ልጅ ትምህርት 100 ብር ቢወጣ 15 ብሩ የተማሪው ዕዳ፣ 85 ብሩ የመንግሥት ወጪ ነው ማለት ነው። ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ ከመቶ 10 እጅ እየተቆረጠ ዕዳው እንዲከፈልም በደንቡ ተወሰነ። ደመወዙ 1000 ብር ቢሆን በወር 100 ብር ይቆረጥበታል ማለት ነው።

እንግዲህ የዛሬው ዋና ነገራችን እዚህ ላይ ነው። መምህር ለመሆን ለሚማረው ልጅ ደንቡ ሌላ በር ከፈተ። ዕዳውን በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት እንዲከፍል ፈቀደ። በውሉ የተጻፈውን ጊዜ በመምህርነት ካገለገለ እንደ ከፈለ ይቆጠርለታል። ገንዘብ ለሌለው ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከብት ሳይሸጥ፣ አራጣ ሳይበደር፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይወጣል። ዕዳውንም የሚከፍለው ሌላውን የገበሬ ልጅ እያስተማረ ነው።

ሁሉም ነገር ግን ከቤት አይነሣም ማለት አይደለም። የመንገድ ገንዘብ፣ ብርድ ልብስ፣ ልብስና ጫማ፣ ሳሙና፣ ደብተርና እስክሪብቶ የቤተሰቡ ነው። ይህን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ልጁ ትምህርት ጀምሮ በጎደለው ነገር ምክንያት ቢመለስ የሁላችንም ኪሣራ ነው።

ያልተነበበ ውል

አሁን አንድ ያየሁትን ላውጋችሁ። የአንድ ገበሬ ልጅ መምህርነት ተምሮ ተመረቀ። ጥቂት ጊዜ አስተማረና ከተማ ውስጥ የተሻለ ደመወዝ ያለው ሥራ አገኘ። አልፈርድበትም። የተመደበበት ቦታ ሩቅ ነው፤ ማደሪያ ቤት አልነበረውም፤ ደመወዙም ይዘገይበት ነበር። አዲሱ ሥራ ግን ዋናውን የዲግሪ ማስረጃ ጠየቀው። ማስረጃውን ሊያወጣ ሲሄድ «አገልግሎትህን አልጨረስህም። ወይ ተመልሰህ አገልግል፣ ወይ ዕዳህን በገንዘብ ክፈል» ተባለ።

አባትየው እኔ ዘንድ መጡ። የሚሸጥ በሬ እያሰቡ ነው የመጡት። «ለመሆኑ ውሉ ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የምን ውል?» አሉኝ። ቤታቸው ሄደን ስንፈልግ የውሉን ግልባጭ ከሣጥን ሥር አገኘነው። አምስት ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጧል። ልጁ ሳያነብ ፈርሞበት ነበር። አባት ደግሞ ማንበብ አይችሉም ነበር። ሁሉም ነገር ግን እዚያው ላይ ተጽፏል። ማንም አልደበቀውም።

ልጁ በመጨረሻ ተመልሶ አገልግሎቱን ጨረሰ፤ በሬውም አልተሸጠም። አባትየው ግን በሚቀጥለው ዓመት በስተርጅና ደብተር ገዝተው ፊደል ለመቁጠር መጡ። «ለምን መጡ?» ስላቸው «ከቤቴ የተቀመጠ ወረቀት ሁለተኛ አያታልለኝም» አሉኝ።

ምን እናድርግ?

እናንተ ዛሬ ማንበብ ትችላላችሁ። ስለዚህ ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ መምህር ለመሆን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እነዚህን ነገሮች አድርጉ።

አንደኛ፣ ልጁ የፈረመበትን ውል ግልባጭ ወደ ቤት ያምጣ። አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ካለ ጠይቁ። በእንግሊዝኛ ከተጻፈ በምታውቁት ቋንቋ እንዲነበብላችሁ አድርጉ።

ሁለተኛ፣ ዕዳው የሚከፈለው በገንዘብ ነው ወይስ በአገልግሎት? በአገልግሎት ከሆነ ስንት ዓመት? ይህን ፈልጋችሁ ጣታችሁን አሳርፉበት። ደንብ በየጊዜው ይሻሻላል። የጎረቤት ልጅ ከዓመታት በፊት የፈረመው ለእናንተ ልጅ ላይሠራ ይችላል። የሚያስረው ልጃችሁ የፈረመበት ውል ነው።

ሦስተኛ፣ የተጠቀመበት ብቻ መጻፉን ይመልከት። ያልበላው ምግብ፣ ያልተኛበት መኝታ በስሙ ተጽፎ እንደሆነ ጊዜው ሳያልፍ ይጠይቅ።

አራተኛ፣ ማስተማር ሲጀምር ያገለገለበትን ዘመን የሚያሳይ ደብዳቤ እያስጻፈ ያስቀምጥ። አባቴ ደረሰኙን እንዳስቀመጠ ማለት ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ከፍሎም ባለዕዳ ይባላል።

አምስተኛው ነገር የልጁ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነው። እውነቱን እንነጋገር። ልጆቻችንን ስንመርቅ «ሐኪም ሁን፣ መሐንዲስ ሁን» እንላለን። «መምህር ሁን» የሚል ስንት ሰው አለ? ሌላ ትምህርት ፈልጎ ሳያገኝ ሲቀር መምህርነት የሚመደብም ልጅ ብዙ ነው። ውል ሰውን ክፍል ውስጥ ሊያቆመው ይችላል፤ ማስተማርን እንዲወድ ግን አያደርገውም። ውል ብቻውን ጥሩ መምህር አያወጣም። መንግሥት ደመወዙን በጊዜው ይክፈል። እኛም የበኩላችንን እናድርግ። ወደ ቀበሌያችን የሚመጣው ወጣት የሌላ ገበሬ ልጅ ነው። ማደሪያ ቤት በደቦ እንሥራለት። በዓል ሲሆን እንጥራው። ሲታመም እንጠይቀው። ሴት መምህር ስትመጣ ደግሞ በሰላም ወጥታ የምትገባበት ሠፈር እንሁንላት። እኛ የሌላውን ሰው ልጅ እንዲህ ከያዝን የኛም ልጅ በሄደበት ሰው ያገኛል።

ሴቶች ልጆቻችንንም አንርሳ። ለወንዱ የተከፈተው በር ለሴቷም ተከፍቷል። «የተማረ ይግደለኝ» የምንል ሰዎች ልጃችንን ከደብተር አስቀርተን ለባል ብንሰጣት ተረቱ በአፋችን ብቻ ቀረ ማለት ነው።

የተከበራችሁ ወገኖች! አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም። የቆዳ ከረጢቱ ግን እኔ ዘንድ ነው። መምህርነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ሥራው ሲከብደኝ፣ ወይም ሌላ እንጀራ ልፈልግ ብዬ ሳስብ፣ እነዚያን ደረሰኞች አውጥቼ አነባለሁ። በኔ ዘመን የፈረምሁት የወጪ መጋራት ውል አልነበረም። የኔ ውል እነዚያ ደረሰኞች ነበሩ።

እናንተም የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አስቀምጡ። ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ዕለት አውጡና አሳዩት። አሁን «አንብብልኝ» ማለት አያስፈልጋችሁም። ራሳችሁ አንብቡለት።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. የተናጋሪው አባት የግብር ደረሰኙን ያሳዩት ለምንድነው?

2. መምህር ለመሆን የሚማር ልጅ ዕዳውን በምን እንዲከፍል ተፈቀደ?

3. ከመቶ 15 እጅ ማለት ምን ማለት ነው? ወጪው 200 ብር ቢሆን የተማሪው ድርሻ ስንት ይሆናል?

4. በቀበሌያችሁ ያሉት መምህራን ከየት መጡ? ማደሪያቸውስ እንዴት ነው? ተወያዩበት።